የፊት ፍሬን ሸራ መቀየር፦ ትልቁ ሥራ ያለው ፒኑ ላይ ነው

የፊት ፍሬን ሸራ መቀየር የሚፈራውን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። መኪናው ይነሣል፣ ጎማው ይወልቃል፣ አንድ ወይም ሁለት ቡሎን ይፈታል፣ ያለቀው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጋራዥም ጭምር፣ ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ከራሴ መኪና ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ሸራ ያለ ጊዜው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን አቅፎ የሚጫናቸው ብረት) የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ሳይነኩ ስለሚታለፉ ነው። ደልዳላ ግቢ ያላችሁና እጃችሁን ግራሶ ቢነካው ግድ የሌላችሁ ሰዎች ይህን ሥራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ለመቸኮል ግን ቦታ የለውም፤ የምትነኩት ፍሬን ነው።

መኪናዬ ያሪስ ናት፣ በፈረንጆቹ 2008 ሞዴል፣ ፊቷ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ክብ ብረት)፣ ኋላዋ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው እንደ ከበሮ ያለ ብረት)። ጋራዥ ወስጄ የፊቱን ሸራ አስቀየርኩ። ብዙም ሳልቆይ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ይሸተኝ ጀመር። ታች ደርሼ ዳር ያዝኩና እጄን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋሁ፤ አልነካኋቸውም፣ ሙቀታቸውን ብቻ ነው ያየሁት። የግራው ሞቅ ብሏል፣ ቁልቁለት ነውና ያለ ነው። የቀኙ ግን እጅ አያስጠጋም። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች አንደኛው ብቻ ተለይቶ ሲግል፣ ብዙ ጊዜ እግራችሁን ከፔዳሉ ካነሣችሁ በኋላም ያ ፍሬን እንደያዘ ነው ማለት ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስነግራቸው ብዙም አላሰቡ። «ስሚ ልጄ፣ ሸራው ምን አደረገሽ? ፒኑ ደርቋል። ፍቺና እይው» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ፣ እኔ ልፍታው፣ እርስዎ ብቻ አጠገቤ ይሁኑልኝ» አልኳቸው። በርጩማቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን እንዲህ የሚያውቅ ሰው አጠገብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ካላችሁ ለምኑና አስቀምጡ።

ሸራው ማለቁን ለማወቅ ሁልጊዜ ጎማ ማውለቅ አያስፈልግም። በብዙ ቸርኬ ቀዳዳ በኩል በባትሪ ብታበሩ የውጭው ሸራ ይታያል። አዲስ ሸራ የጀርባው ብረት ሳይቆጠር 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጊዜው ደርሷል። ብዙ ሸራ ላይ ደግሞ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን መንካት ትጀምርና ቀጭን የሲጢጥታ ድምፅ ታሰማለች። ያንን ድምፅ ሰምታችሁ ብታሳድሩት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ነው፤ ያኔ ዲስኩም አብሮ ይሄዳል። ሌላው ምልክት የፍሬን ዘይቱ መጉደል ነው። ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ (በዘይቱ ግፊት ሸራውን የሚገፋው ክብ ብረት) ወደ ውጭ ስለሚወጣ የሚያፈስ ነገር ባይኖርም ዘይቱ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ሸራ ልትቀይሩ ስትሉ ያን ጉድለት አትሙሉ፤ ለምን እንደሆነ ፒስተኑ ጋ ስንደርስ እናየዋለን።

ዕቃ ግዢው ላይ ትንሽ ልቆይ። ያሪስ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ቪትዝም ኮሮላም እንደዚያው ነው፤ በአገሩና በሞዴሉ የሸራው ቅርጽ ይለያያል። ስለዚህ ወደ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ የሻንሲ ቁጥራችሁን ያዙ፤ ከተቻለ ያለቀውን ሸራ ራሱን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። የጀርባው ብረት ቅርጽ፣ ጆሮዎቹ፣ የምላሷ አቀማመጥ ሁሉ መግጠም አለበት። ባለ ሱቁ «እህቴ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂው» አለኝ። እኔ ግን ከካርቶኑ አውጥቼ ጠርዙን አየሁ። በደንበኛ ሸራ ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ የአምራቹ መለያና ብዙ ጊዜ ሁለት የላቲን ፊደላት አብረው ይታተማሉ። ፊደላቱ ሸራው ዲስኩን የሚይዝበትን ጉልበት ይናገራሉ፤ አንደኛው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል። በሰበቃ መለኪያ ኢ (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ከ0.45 እስከ 0.55 ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ አያያዙ ይጠነክራል። ሁለቱም ኤፍ የሆነ ሸራ ሞቆም ያው ነው፤ ሁለተኛው ኢ ከሆነ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፣ ቁልቁለት ለሚበዛበት አገር ደግሞ ይህ ቁም ነገር ነው። ጽሑፍ ማስመሰል ቀላል ስለሆነ ፊደሉ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ምንም ያልተጻፈበት፣ ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት መስመር ላይ ክፍተት ያለበት ወይም ጠርዙ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሸራ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ለፊት ሁለት ጎማ አንድ ካርቶን አራት ሸራ ይይዛል፤ ሁልጊዜ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየራል። የአንዱን ጎን ብቻ መቀየር መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን እንዲጎትት ያደርጋል።

ከሸራው ጋር የሲሊኮን ግራሶ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይና ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ግዙ። ቤንዚን ለማጽጃ አትጠቀሙ። ጋራዥ ውስጥ ሲያደርጉት አይታችሁ ይሆናል፤ ላስቲኩን ይጎዳል፣ እሳቱም አለ። ስፕሬዩ ካልተገኘ ለዲስኩ ሳሙናና ውኃ ይበቃል፣ በደንብ ከደረቀ።

አሁን ወደ ማንሣቱ። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ ተዳፋት ኮብልስቶን ላይ ይህን ሥራ አትጀምሩ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ካምቢዮውን ፒ ላይ አድርጉ፣ ማንዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ለኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። የጎማ ዳዶዎችን መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ትንሽ አላሉ፤ ከተነሣ በኋላ ጎማው ይዞራል። ክሪኩን ማኑዋሉ ባሳየው ቦታ፣ ከፊት ጎማው ጀርባ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ባለው ጠንካራ ከንፈር ላይ አድርጋችሁ አንሡ። ከዚያ የብረት መደገፊያ አቁሙበት፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ብሎኬት ደግሞ በፍጹም! ግቢው ሁሉ ብሎኬት ስለሞላበት ሰው ያነሣዋል፣ ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የወለቀውን ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድሙት፤ አንድ ነገር ቢንሸራተት መኪናው እሱ ላይ ያርፋል።

አንዱን ጎን ብቻ ፍቱ፣ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። ሞላው በየት እንደነበር፣ ከሸራው ጀርባ ያለው ሳህን (ስስ ብረት) በየት በኩል እንደዞረ ግራ ሲገባችሁ ያልተፈታው ጎን ያሳያችኋል። መሪውን የካሊፐሩ ጀርባ ወደ እናንተ ወደሚወጣበት ጎን አዙሩ። በእኔ መኪና የታችኛው ቡሎን በ14 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፤ ፒኑ አብሮ ከዞረ በቀጭን መፍቻ ከኋላ ያዙት። ታችኛው ሲፈታ ካሊፐሩ በላይኛው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ይከፈታል። በሽቦ ወይም በገመድ ከላይ አስራችሁ አቁሙት። ሙሉ በሙሉ ካወለቃችሁትም ክብደቱን በዘይት ቱቦው ላይ አትጣሉ፤ ቱቦው ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ከውጭ አይታይም።

አቧራውን አትንፉት። በአፍም በኮምፕሬሰርም። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሸራም ገበያ ውስጥ አለ፤ አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። በስፕሬዩ ወይም በውኃ አርሳችሁ በጨርቅ ጥረጉት፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም አድርጉ።

ሁለቱን አሮጌ ሸራዎች አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። የእኔ የቀኝ ጎማ የውጭው ሸራ ገና ግማሽ እንኳ አልሄደም ነበር፤ የውስጡ ግን ብረቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም፣ ያውም አንደኛው ጫፍ ከሌላው ሳስቶ እንደ ሽብልቅ ሆኗል። ጋሼ ተቀበሉኝና አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። «ይኸው፣ አልነገርኩሽም? አሁን ፒኑን ሳቢው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ያሪስ ባለ መኪና ካሊፐሩ ያለው አንድ ፒስተን ነው፣ እሱም በውስጥ በኩል። ፔዳሉን ስትረግጡ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ዲስኩ ላይ ይገፋል። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የውጭውንም ሸራ ከወዲያኛው ጎን ይጫናል። ፒኑ ከደረቀ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፤ ሥራው ሁሉ በውስጡ ሸራ ላይ ይወድቃል። እግር ሲነሣም መመለስ ስለማይችል ሸራው ዲስኩን እየላሰ ይሄዳል። ሽታው፣ ሙቀቱ፣ የነዳጅ ፍጆታ መጨመሩ ሁሉ ከዚህ ይመጣል። አዲስ ሸራ ብታስገቡም ያው ፒን እዚያው ካለ አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል። በእኔ የደረሰውም ይኸው ነው፤ ጋራዡ ሸራውን ቀየረ እንጂ ፒኑን አልነካም።

የታችኛው ፒን በጣት ተሳበ። የላይኛው ንቅንቅ አላለም። መፍቻ ይዤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሽ በትንሹ አዞርኩት፤ መሳብ ሳይሆን መጀመሪያ ማዞር ነው የሚያስለቅቀው። ቀስ በቀስ ላላና ወጣ። ላዩ ላይ የነበረው ግራሶ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ተጋግሯል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የዝገት ቀለበት ይዟል። የላስቲክ ኮፍያው ጫፍ ከቦታው ወጥቶ ነበር፤ የክረምት ውኃና የበጋ አቧራ የገባው በዚያ ነው።

ጽዳቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጥረጉ፣ ዝገቱን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን በስሱ አሹት፤ አትሞርዱት፣ ፒኑ መቅጠን የለበትም። ቀዳዳውን ደግሞ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ስፕሬይ እየነፋችሁ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አጽዱ። ከዚያ የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀቡ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጋራዥ ውስጥ ለኩሽኔታ የሚጠቀሙበት ተራ ግራሶ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ስለሆነ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ላስቲክ ደግሞ ፒኑን መልሶ ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ግራሶ አብዝታችሁ ብትሞሉት ቀዳዳው ውስጥ አየር ይታፈንና ፒኑን ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱ ፒኖች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ላስቲክ ሊኖረው ይችላል፤ እያንዳንዱ ወደ ወጣበት ቀዳዳ ይመለስ። ሲጨርሱ በጣት ተገፍተው የሚገቡና የሚወጡ መሆን አለባቸው። ኮፍያው ከተቀደደ ወይም ፒኑ ላይ ጉድጓድ ከተበላ መቀየር ነው፤ ኪቱ ለብቻው ይሸጣል፣ ከሸራውም ይረክሳል።

ዲስኩንም በዚያው እዩት። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በብዙ ዲስክ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የለም፣ መቀየር ብቻ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ መስመር ካለበት ወይም ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከነበረ በሚሊ ለሚለካ ባለሙያ አሳዩት።

ፒስተኑን ለመመለስ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይቱን ክዳን አላሉ። አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ፊት ላይ አድርጋችሁ በማጥበቂያ ብረት ቀስ እያላችሁ ጫኑት። ካቻቢቴ አስገብቶ መፈንቀል የፒስተኑን ላስቲክ ይቀድዳል። ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ቀድሞ የሞላ ሰው ዘይቱ ከዕቃው ሞልቶ የሚፈስበት እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚበላ የነካውን ቦታ ወዲያው በውኃ እጠቡ። ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ የሚቀየርበት ጊዜ አልፏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ዓይነት መለያ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፣ እርጥበት ሲገባው ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ፤ ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከዶት 3 ጋር አትቀላቅሉ። ፒስተኑ በመጠነኛ ጉልበት አልገባ ካለ ወይም ዙሪያው ዘይት ካረጠበ እዚያው አቁሙ፤ ይህ የቤት ሥራ አይደለም።

አዲሱ ሸራ ሲገባ ፊቱን በግራሶ እጅ አትንኩት። ሞላዎቹና ሳህኖቹ እንደነበሩ ይመለሱ፣ ባለ ምላሷ ሸራ ድሮ በነበረችበት ጎን ትግባ። የካሊፐሩን ቡሎን አጥብቁ፣ ጎማውን ግጠሙ፣ መኪናውን አውርዱና ዳዶዎቹን በሰያፍ፣ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ተቃራኒውን እያላችሁ አጥብቁ። የያሪስ የጎማ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሚለካ መፍቻ ከሌላችሁ በመኪናው መፍቻ በእጅ ክብደት አጥብቁ እንጂ ቧንቧ አስረዝማችሁ አትርገጡት።

ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ጠጥሮ እስኪቆም ድረስ ርገጡት። ይህን ሳያደርጉ ማርሽ አስገብቶ መንቀሳቀስ መኪናውን ከግቢ ግንብ ጋር ያጋጫል፤ ልጅ የሚጫወትበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይከፋል። ዘይቱን በከፍተኛና ዝቅተኛ መስመር መሃል መሆኑን እዩ፣ ክዳኑን ዝጉ። ጋሼ እኔ ከረገጥኩ በኋላ ራሳቸው ገብተው ረገጡት፣ ከዚያ ነው «ውጪ» ያሉኝ።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መተዋወቅ አለበት። መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 10 በመጠነኛ እርግጫ ፍጥነት ቀንሱ፤ ጥቂት ነድታችሁ ፍሬኑን አቀዝቅዙና ስምንት አሥር ጊዜ ድገሙት። በመሃሉ ሙሉ በሙሉ ቆማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቆዩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድንገተኛ ፍሬን ከሚያስፈልግበት ራቁ፤ ወደ ጣርማ በር ወይም ወደ አባይ በረሃ የሚወስድ ጉዞ ካለባችሁ ከዚያ በፊት ከተማ ውስጥ ንዱት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አዲስ ሸራ ቢኖራችሁም ማርሽ ቀንሱ፣ አውቶማቲክም ቢሆን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። በሞተር መያዝ ሸራንም ዘይትንም ያድናል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ።

ፔዳሉ ደጋግማችሁ ረግጣችሁም ስፖንጅ ከሆነ፣ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደ ወይም የፍሬን መብራት ከበራ መኪናው ከግቢ አይውጣ፤ ባለሙያ ወደ ቤት አስመጡ። የኋላው ታምቡር ደግሞ ሞላው ብዙ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን ባትጀምሩት ይሻላል።

ግቢ የሌላችሁ፣ ጋራዥ የምትሄዱ ከሆነ ሥራው ሲጀመር አጠገብ ቁሙ። ከመፈታቱ በፊት «ፒኖቹን አውጥታችሁ አጽዱልኝ፣ በሲሊኮን ግራሶ ይሁን» በሉ፤ ግራሶውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። አሮጌዎቹን አራት ሸራዎች ተቀበሉና የውስጥና የውጭውን ውፍረት አስተያዩ። ልዩነት ካለ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ያ ጎማ እንደገና ተፈትቶ ፒኑ በጣት ሲንሸራተት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።